አርባ ደቂቃ የተኛው መስመር

ከወግዲ እስከ መካነ ሰላም ያለውን መንገድ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ፣ መንገዱን የጠረገው ዶዘር ብቻ ነው። እሱም ዝጎ ቆሟል፤ እኔ ግን አለሁ። ዓይኔን ሸፍናችሁ፣ እጄን የፊጥኝ አስራችሁ፣ ጆንያ ውስጥ ከትታችሁ አውቶብስ ጣሪያ ላይ ብትጭኑኝ “አሁን ወይራ አምባ ደረስን፣ አሁን ገደሉ አፋፍ ላይ ነን፣ አሁን የወንዙ ሜዳ ገባን” እያልኩ በጎድን አጥንቴ ብቻ እነግራችኋለሁ። ጉድጓዶቹን በየስማቸው እጠራቸዋለሁ። ግማሾቹን ክርስትና ያነሳኋቸው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ይኼን ያህል መንገድ አዋቂ የሆንኩት ሰው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ወረቀት ፊቴ ቢያደርጉልኝ፣ “ይኼማ የኔ መንገድ ነው” ብዬ አነበብኳትና በገዛ አፌ ራሴን ወንጀለኛ አድርጌ አረፍኩት። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ የቀድሞው ይመር አይደለሁም። በእርግጥ ክብደቴ ያው ነው።

በጊዜው አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቅጥቅጥ አውቶብስ መንዳት ከጀመርኩ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በመካነ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ በሁለት ነገር እታወቃለሁ፤ በወሬዬና በጋቢናዬ። ጋቢናዬ ለዝምተኛ አይሰጥም። ሰው ከሹፌሩ ጎን መቀመጥ ከፈለገ መጀመሪያ አንድ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ፤ በአጭሩ የሚመልስ ከሆነ ወደ ኋላ እሰደዋለሁ። ነገረኛ አሮጊት፣ ደላላ፣ ከአረብ አገር በቅርቡ የተመለሰች ልጅ፣ የቆሎ ተማሪ፣ እነዚህ የክብር እንግዶቼ ናቸው። ሰዉ ይኼን እንደ ጨዋታ ወዳድነት ይቆጥርልኛል። እኔም እንዲቆጠርልኝ እፈልጋለሁ።

ከዳሽቦርዱ በታች ጂፒኤስ የሚባለው ሳጥን አለ። እኛ ሹፌሮች “ቃልቻው” እንለዋለን፤ የት እንደዋልክ፣ ስንት ሰዓት እንደቆምክ፣ ምን ያህል እንደፈጠንክ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ለትራንስፖርት ማኅበራችንም ይናገራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን በእኔ ላይ ተናግሮ አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ተሳፋሪ ይዤ ወግዲ አደርኩ። ሐሙስ ጠዋት የስምሪት ተቆጣጣሪያችን አቶ ጌታቸው ደወለና “መኪናው ለሌላ ጉዞ ተፈልጓል፣ ተሳፋሪ ሳትጠብቅ ባዶውን ይዘህ ና” አለኝ። ረዳቴ እህቱን ሊድር ፈቃድ ወስዷል። ስለዚህ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ እኔና ሃያ ዘጠኝ ባዶ ወንበር ከወግዲ ተነሳን። መካነ ሰላም ስገባ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል።

ገና ከመኪናው ሳልወርድ አቶ ጌታቸው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ።

“ይመር፣ መንገድ ላይ ምን አጋጠመህ?”

“ምን ያጋጥመኛል? መንገዱ እኔን ሲያይ ራሱ ይስተካከላል።”

“የቄስ አያሌውን በቅሎ አረንጓዴ አውቶብስ ገጭቶ አምልጧል። የወንዙ ሜዳ ላይ። አምስት ሰዓት ከአስር።”

ቄስ አያሌው ከወንዙ ማዶ ያለች ደብር የሚያገለግሉ፣ ሳቂታና ጢማም ሽማግሌ ናቸው። ደብራቸው በእግር ግማሽ ቀን ይወስዳል። ያለዚያች በቅሎ ቅዳሴ የሚደርሱት በማግስቱ ነው። በቅሎዋ ስትወድቅ ወዲያው ለልጃቸው ደውለዋል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ስልካቸው መዝግቦታል። ሰሌዳውን ግን አላዩም፤ ያዩት አቧራና አረንጓዴ ቀለም ነው። በዚያ መስመር ከሚሠሩት ውስጥ አረንጓዴ የተቀቡት ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የእኔና አንዲት ሌላ።

“አንተ የት ቆመህ ነበር?” አለኝ አቶ ጌታቸው።

“እኔ? ከወግዲ የተነሳሁ አንድም ቦታ ሳልቆም ነው የገባሁት!”

ውሸት ነበር። ቆሜያለሁ፤ ያውም ብዙ። ለምን እንደዋሸሁ አሁን አትጠይቁኝ። እስከ መጨረሻው ከታገሳችሁ እነግራችኋለሁ፤ ካልታገሳችሁ ደግሞ እሰየው፣ እኔም እተርፋለሁ።

“ሳትቆም ሁለት ሰዓት ፈጀብህ?”

“በጥንቃቄ ስለምነዳ ነው” አልኩ። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶ ስለማያውቅ ያኔውኑ ጠረጠረኝ።

አርብ ቁልፌን ተቀበሉኝ። አቶ ጌታቸው በጽሑፍም በቃልም ነገረኝ፤ ገጭተህ ያመለጥከው አንተ ከሆንክ ከማኅበሩ ትሰረዛለህ፣ መንጃ ፈቃድህም ለትራፊክ ፖሊስ ይተላለፋል፤ ከዚያ ወዲያ መሪ የምትጨብጠው በህልምህ ነው። መሬት የለኝ፣ በሬ የለኝ፣ ሌላ ሙያ የለኝ። ሚስቴ ነገሩን ስትሰማ “ይኼ ሰው ቤት ከዋለማ ግድግዳው ራሱ ፍች ይጠይቃል” አለች። እየሳቀች ነበር፤ ማታ ግን እራት አልበላችም።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው ጎን ባለችው ጠባብ ቢሮ ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ሼህ እንድሪስ ናቸው፤ የማኅበሩ አንጋፋ፣ ከእጃቸው መቁጠሪያ የማይለይ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ የሚያስታርቁ ሰው። ከጎናቸው ቄስ አያሌው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አቶ ጌታቸው ከሳሽም አንባቢም ነው። ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሩቅያ አለች።

ስለ ሩቅያ ትንሽ ልበል። ጅዳ ሰው ቤት አስራ አንድ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ከሄደችበት በተመለሰች በዓመቱ ያቋረጠችውን ዘጠነኛ ክፍል በማታው ትምህርት ጀመረች። ጠረጴዛዋ ላይ ሁልጊዜ የፊዚክስ መጽሐፍ ተዘርግቶ ይገኛል። እኔም ባለፍኩ ቁጥር ዝም ብዬ አላልፍም።

“ሩቅያ፣ ዘንድሮ አንደኛ የምትወጭው በማርክ ነው በዕድሜ?”

“ጋሼ ይመር፣ እርስዎ መኪናዎን ይንዱ፣ እኔ ዕድሜዬን ልንዳ” ትለኛለች፤ ቀና ሳትል።

ያን ቀን ግን አልቀለድኩባትም።

“አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ” አሉ ሼህ እንድሪስ። “ይመር፣ አብሽር፤ እውነቱ ካንተ ጋር ከሆነ ማንም አይነካህም። ጌታቸው፣ ያንን ወረቀት አምጣው።”

የቃልቻው ምስክርነት ከደሴ በቴሌግራም መጥቶ ፎቶ ኮፒ ቤት ታትሟል፤ ሁለት ገጽ። በፈረንጅ አቆጣጠር የነበረውን ሰዓት ሩቅያ በእኛ ሰዓት ከሥሩ በእስክሪብቶ ጽፋበታለች። አቶ ጌታቸው የመጀመሪያውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። አየ። አዟዞረ። እንደገና አየ። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ወጣ ወረድ እያለ የሚሄድ።

“ይኼ… እንግዲህ… ግራፍ ነው” አለ።

እኔም አየሁት። ወላሂ ልቤ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች! መንገዴ ነው! ከግራ ጀምሮ መስመሩ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አናት ላይ ትንሽ ይደላደላል፤ ከዚያ ይወርዳል፤ ከዚያ ረጅም ጠፍጣፋ አለ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው እየወጣ ይሄዳል።

“ወዲያ በል ጌታቸው፣ እኔ ላንብበው” ብዬ ተጠጋሁ። “ይኸውላችሁ አባቶቼ። ይኼ ከወግዲ እስከ አፋፉ ያለው ዳገት ነው። ይኼች አናቷ ላይ ያለችው አፋፉ ነች። ይኼ ገደሉ ነው፤ ቁልቁለቱን ተመልከቱት! ይኼ ጠፍጣፋው ከሥር ያለው የወንዙ ሜዳ ነው። ይኼ ደግሞ ወደ መካነ ሰላም የሚያወጣው ዳገት።”

ሼህ እንድሪስ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉ። “ማሻአላህ! መንገዱን ራሱን ነው እንዴ የሳለው! ይኼ ሳጥን ገደሉን በምን አየው?”

“እኔን ደግሞ አፋፏ ገረመችኝ” አሉ ቄስ አያሌው። “ዘወትር የማርፍባት ቦታ ናት እኮ። አንድም አልሳተ።”

አቶ ጌታቸውም ራሱን ነቀነቀ። ልፍረድባቸው? በዳገትና በቁልቁለት አገር ተወልደን፣ ወጥቶ የሚወርድ መስመር ስናይ ሌላ ምን ይመጣብናል? ሰው የሚያየው የለመደውን ነው።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት። ግን ሲመሰገን ዝም የሚል ምላስ አልተሰጠኝም።

“ደግሞ ልብ በሉ!” አልኩ ጣቴን ከዳር እስከ ዳር እየነዳሁ። “መስመሩ አንድም ቦታ አልተበጠሰም። ብቆም ኖሮ ይበጠስ ነበር። ሳልቆም ነው የገባሁት አላልኳችሁም?”

“ቆይ” አለ አቶ ጌታቸው። ከታች “አምስት ሰዓት ከአስር” የሚለው ላይ ጣቱን አደረገና ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ወሰደው። ጣቱ ረጅሙ ጠፍጣፋ መሀል ላይ አረፈ። “ይኼ ምንድን ነው ያልከው?”

“ሜዳው።”

“የትኛው ሜዳ?”

“የወንዙ ሜዳ ነዋ፣ ስንት ሜዳ አለን…” ስል ጣቱ ከየትኛው ሰዓት እንደተነሳ አየሁ።

ቄስ አያሌው፣ በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ በሐዘን “በቅሎዬ የተመታችው እዚያው ነው፣ ልጄ” አሉ።

ላብ ከማጅራቴ ተነስቶ እስከ ካልሲዬ ወረደ። ሰው ምስክር ቆሞበት ይፈረድበታል፤ እኔ ግን ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ተርጓሚም ሆኜ ራሴን አስረከብኩ።

“እኔ አልገጨሁም!” አልኩ።

“አሁን በገዛ አፍህ ነው እኮ የተናገርከው” አለ አቶ ጌታቸው። እሱም ደስ አላለውም፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። “በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ ነበርኩ አልክ። ሌላዋ አረንጓዴ ቀድማ አልፋለች ይላል ሹፌሯ። ሩቅያ፣ ጻፊ። ‘ሹፌሩ በተባለው ሰዓት በስፍራው እንደነበረ ራሱ አምኗል።’”

ሩቅያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“አልጽፍም።”

“ምን አልሽ?”

“ልክ ያልሆነ ነገር አልጽፍም። ጋሼ ይመር ወረቀቱን ማንበብ አይችሉም።”

በሌላ ቀን ቢሆን ይኼን ስድብ አላልፈውም ነበር። ያን ቀን ግን ከሰማይ እንደወረደ ምርቃት ተቀበልኩት። “እውነቷን ነው! አልችልም! ማንበብ ቀርቶ መያዝም አልችልም!” አልኩ።

ተነስታ መጣች። ጣቷን በስተግራ ቀጥ ብሎ የቆመው መስመር ላይ አደረገች። “እዚህ ምን ተጽፏል? አንዳችሁም አላያችሁትም። ‘ከመነሻው ያለ ርቀት፣ በኪሎ ሜትር’ ይላል። ከፍታ አይልም። ሰኞ የምፈተነው ይኼንኑ ነው። መስመሩ መሬቱን አይስልም።”

“ቁልቁለቱ እኮ ይታያል፣ ልጄ!” አሉ ሼህ እንድሪስ።

“አባባ፣ ይኼ በወሬ አይሆንም። ወደ ግቢ እንውጣ።”

ወጣን። የቢሮው ግቢ እንደ ምጣድ የተስተካከለ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው የት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። ሩቅያ ከቦርሳዋ ጠመኔ አወጣችና በብረት በሩ ላይ አንድ የቆመ፣ አንድ የተኛ መስመር አሰመረች።

“የተኛው ጊዜ ነው። አባባ፣ እርስዎ በመቁጠሪያዎ ሰዓት ይሁኑልን፤ ቀስ ብለው አንድ፣ ሁለት እያሉ ይቁጠሩ፤ ምንም ቢመጣ አያቁሙ። የቆመው ርቀት ነው። አባታችን፣ እርስዎ ጋሼ ይመር ከበሩ ስንት እርምጃ እንደራቁ ይንገሩኝ። ጋሼ ይመር፣ እርስዎ መኪናው ነዎት።”

“ጡሩምባ ልንፋ?”

“ዝም ብለው ይሂዱ።”

ሼህ እንድሪስ “አንድ” አሉ። ሄድኩ። “ሁለት እርምጃ!” አሉ ቄስ አያሌው። ሩቅያ ነጥብ አደረገች። “ሁለት።” “አራት እርምጃ!” ሌላ ነጥብ፣ ከፊተኛው ከፍ ብሎ። እንዲህ እያልን አምስተኛው ፍሬ ላይ ስንደርስ አስር እርምጃ ርቄያለሁ።

“ይቁሙ!” አለችኝ። ቆምኩ። “አባባ፣ እርስዎ ይቀጥሉ!”

“ስድስት…”

“አስር እርምጃ” አሉ ቄሱ።

“ሰባት…”

“ያው አስር ነው፣ የት ይሄዳል?”

“ስምንት…”

“አስር! ሰውየው ተተክሏል!”

ሩቅያ ነጥቦቹን ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። ከፍም አላሉ፣ ዝቅም አላሉ። “አሁን ወደ እኔ ይመለሱ” አለች። ስመለስ ቄሱ “ስምንት፣ ስድስት፣ አራት” እያሉ ቆጠሩ፤ ነጥቦቹም ወረዱ። በመጨረሻ ሼህ እንድሪስ ሳቃቸው አሸንፏቸው መቁጠሩን ተዉት። ሩቅያም ጠመኔዋን አንስታ “ጋሼ ይመር፣ መስመር የሚበጠሰው እንዲህ ሰዓቱ ሲቆም ነው፤ ለመኪና መቆም አይበጠስም” አለች።

ነጥቦቹን አያያዘቻቸውና ዞር አለች። በሩ ላይ ዳገት፣ ጠፍጣፋ፣ ቁልቁለት ተሠርቷል።

“ጋሼ ይመር፣ ዳገት ወጡ?”

“ኧረ የት አለና!”

“ገደል ወረዱ?”

“ምጣድ ላይ ምን ገደል አለ!”

“ታዲያ ይኼ ተራራ ከየት መጣ?”

አራታችንም አፋችንን ከፍተን በሩን አየነው። መጀመሪያ የገባቸው ቄስ አያሌው ናቸው። “እየራቀ ሲሄድ ወጣ… ቀጥ ሲል ተኛ… ሲመለስ ወረደ” አሉ እንደ ቅኔ ፈቺ በዝግታ። “እንዲያ ከሆነ ጠፍጣፋው ሜዳ አይደለማ!”

“መቆም ነው” አለች ሩቅያ። “ሰው ሲቆም ሰዓት አብሮት አይቆምም። እኔ ጅዳ አስራ አንድ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ይኼን ምዕራፍ የተማርን ቀን ሌሎቹ ልጆች ከበዳቸው። እኔ ግን ጠፍጣፋውን ሳየው ወዲያው አወቅሁት።” ጠመኔውን እጇ ላይ አገላበጠችና “እንግባ” አለች።

ያቺን ሴት ስንት ጊዜ በዕድሜዋ እንደቀለድኩባት ሳስብ፣ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ለመሬቱ ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

ተመልሰን ወረቀቱን ከበብነው። አሁን ያው ወረቀት ሌላ ሆኗል። ሩቅያ ከረጅሙ ጠፍጣፋ ተነስታ ጣቷን አግድም ወደ ቆመው መስመር ወሰደችው። “አስራ አራተኛው ኪሎ ሜትር። ከወግዲ አስራ አራት ኪሎ ሜትር ላይ ምን አለ?”

ይኼን እንኳ አውቃለሁ። “ወይራ አምባ” አልኩ ቀስ ብዬ።

“የወንዙ ሜዳስ?”

“ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት።”

“ስለዚህ አምስት ሰዓት ከአስር ላይ ይኼ አውቶብስ ወይራ አምባ ቆሟል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም፣ በጠቅላላው አርባ ደቂቃ። በቅሎዋ ጋ ለመድረስ አስር ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ካላመናችሁ ሁለተኛውን ገጽ ተመልከቱ፤ እሱ የፍጥነት ነው። ቆሞ ከሆነ መስመሩ ወለሉ ላይ፣ ዜሮ ላይ መተኛት አለበት።”

አቶ ጌታቸው ሁለተኛውን ገጽ አወጣ። በዚያው ሰዓት መስመሩ ወለል ላይ ተጋድሟል። “እኔ እኮ የማተሚያው ቀለም ያለቀ መስሎኝ ነበር” አለ።

ቄስ አያሌው ተነሱና ግንባሬን ሳሙኝ። “ልጄ፣ በከንቱ ጠርጥሬህ ነበር፤ ይቅር በለኝ።” እኔም እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል መቋሚያቸውን ረገጥኩት።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ ሼህ እንድሪስ። “ግን ይመር፣ አንድ ነገር ንገረኝ። አርባ ደቂቃ ቆመህ ለምን ‘ሳልቆም ነው የገባሁት’ አልክ?”

“እ… ሞተር ሞቆብኝ ነበር፣ አባባ።”

“ይኼችስ?” ብለው ጣታቸውን አናቷ ላይ ወዳለችው ትንሽ ጠፍጣፋ ላኩ። ተማሩ ማለት ነው! “አስራ ሰባተኛው ላይ፣ አፋፉ ጋ ደርሰህ ቆመሃል። ከዚያ ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ተመልሰሃል። በጋለ ሞተር ሦስት ኪሎ ሜትር?”

“ውሃ ፍለጋ ነው” አልኩ። ሼህ እንድሪስ አዩኝ። ከዚያ ሰው የሚያሳፍር ጥያቄ የማይደግሙ ሰው ስለሆኑ ተዉኝ።

ሩቅያ ግን ከወረቀቱ ቀና አላለችም። “ጋሼ ጌታቸው፣ መስመሩ ይበልጥ ወደ ላይ ቀጥ ሲል ፍጥነት ጨመረ ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ስድስት ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ ሄደዋል። ይኼ በሰዓት ስልሳ ይሆናል። መንገዱ የሚፈቅደው አርባ ነው።”

“አንቺ ልጅ፣ ከማን ወገን ነሽ?” አልኳት።

“ከወረቀቱ።”

እንዲህ ከበቅሎዋ ድኜ ስለ ፍጥነቴ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ቁልፌን ግን መለሱልኝ። ሰኞ የሌላዋ አረንጓዴ ወረቀት መጣ፤ አምስት ሰዓት ከአስር ላይ የወንዙ ሜዳ ላይ ሁለት ደቂቃ ተኝቶ፣ ከዚያ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ መስመር። ሹፌሩ ወረቀቱን ሲያይ አመነ፤ በሼህ እንድሪስ ሽምግልና ቄሱን ካሰ፤ ቅጣቱንም ተቀበለ። በቅሎዋ ድናለች፣ ቄሱን ደብር ታደርሳለች። ነገር ግን አረንጓዴ ነገር ስታይ ትደነብራለች አሉ፤ ሣር እንኳ የምትበላው ዓይኗን ጨፍና ነው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ አንደኛ ሩቅያን በዕድሜዋ አልቀልድባትም። ፈተናዋን አልፋ አስረኛ ክፍል ገብታለች፤ እኔም ደብተር ገዝቼ ሰጥቻታለሁ። አሁን የምቀልድባት በሌላ ነው። ደግሞ ማንም ሰው ወረቀት ዘርግቶ “እዩት፣ ሽቅብ እየሄደ ነው” ሲለኝ፣ ስብሰባም ላይ ይሁን ቴሌቪዥን ላይ፣ ከማጨብጨቤ በፊት “የቆመው መስመር ላይ ምን ተጽፏል?” እላለሁ። ስንቱ እንደሚደነግጥ ብታዩ! እናንተም ሞክሩት። ዓይናችሁ የለመደውን አገር ወረቀቱ ላይ አትፈልጉ። ይኼን ለመማር እኔ መንጃ ፈቃዴን ላጣ ነበር፤ እናንተ ይኸው ቁጭ ብላችሁ አገኛችሁት።

ባለፈው ወር ሩቅያ ዘመድ ልትጠይቅ ወግዲ ስትሄድ ጋቢናዬ ተቀመጠች። ስንመለስ እስከ ወይራ አምባ ወሬዋን ስታዥጎደጉድ ቆየችና፣ አፋፉ ጋ ስንደርስ ዝም አለች። “ተናገሪ እንጂ” አልኳት። ዝም። “ሩቅያ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ የፈለግሽውን አውሪ!” ያኔ ሳቀች። “ጋሼ ይመር፣ ያን ቀን አፋፉ ላይ ስድስት ደቂቃ ምን ሲያደርጉ እንደነበር ገብቶኛል” አለችና፣ ገደሉን ወርደን እስክንጨርስ የፊዚክስ ምዕራፍ ሁለትን በቃሏ አነበነበችልኝ።

ቃል ገብቼላችሁ ነበርና ልናገር። እኔ ይመር፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት የወግዲን መስመር የነዳሁት፣ ገደል እፈራለሁ። ከጎኔ የሚያወራኝ ሰው ከሌለ ያንን ቁልቁለት መውረድ አልችልም፤ ዓይኔ ወደ ታች ይሄድብኛል። ያን ሐሙስ አፋፉ ላይ ስድስት ደቂቃ መሪዬን ታቅፌ ተንቀጠቀጥኩ፣ ከዚያ ወደ ወይራ አምባ ተመልሼ የሚሳፈር ሰው አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። በመጨረሻ አንዲት ዶሮ የታቀፉ አሮጊት አገኘሁና በነጻ ጫንኳቸው። እሳቸው ገና እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ገደሉን የወረድኩት ለዶሮዋ እየቀለድኩ ነው።